እግረኛ የምታሳልፍ መንገድ ተዉልን

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ጊዜ ያላችሁ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት፣ የሌላችሁ ደግሞ ማታ ተመለሱበት።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ እንደ ልማዴ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ጫማዬን አስሬ ወጣሁ። ከሐዋሳ ደቡባዊ ጫፍ አስፋልቱን ለቀቅኩና በአላሙራ ተራራ ግርጌ ወደ ቱላ አቅጣጫ የምትወስደውን የእግር መንገድ ያዝኩ። ይቺን መንገድ ስድስት ዓመት ሮጬባታለሁ። ድንጋዩ የቱ ጋ እንዳለ፣ የባሕር ዛፉ ሥር የቱ ጋ እንደሚያደናቅፍ፣ የማን ውሻ ጮሆ ብቻ እንደሚተው፣ የማን ውሻ ደግሞ የምሩን እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሮጬ አንዷን ኩርባ እንደዞርኩ ግን ቆምኩ። መንገድ የለም። ገና የሚያብለጨልጭ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ከዳር እስከ ዳር ተገትሯል።

አጥሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ጋቢ ተከናንበው እሳት ይሞቃሉ።

«አባቴ፣ በየት በኩል ነው የሚታለፈው?» አልኳቸው።

«በዚህ ማለፍ ቀረ ልጄ። ተመለስና በአስፋልቱ ዙር።»

አልተቆጡኝም። እንዲያውም ያዘኑልኝ ይመስለኛል። «ሰሞኑን ስንቱን መለስኩ መሰለህ» አሉኝና እሳታቸውን ቆሰቆሱ። ይህን እያወራን ሁለት እናቶች ጀርባቸው ላይ ኮባ ተሸክመው መጡ። ለገበያ ነው። አጥሩን አዩ፣ እርስ በርሳቸው በሲዳምኛ አንድ ሁለት ነገር ተባባሉና ምንም ሳይከራከሩ ዞረው ሄዱ። ያን ሸክም ይዘው ስንት ሰዓት እንደሚዞሩ አሰብኩት። እኔ እንኳ የተሸከምኩት ስልኬን ብቻ ነው።

የቦታው ባለቤት ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቅም እዚህ አልጽፈውም። ወረቀቱ በእጁ ይሆናል፣ ሕጋዊም ይሆናል። ጉዳዬ ከአንድ ሰው ጋር አይደለም። ጉዳዬ ሁላችንም እያየነው ዝም ስላልነው ነገር ነው። በከተማችን ዙሪያ ያሉት የእግር መንገዶች አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው። ማንም ዘጋሁ ሳይል፣ ማንም ተዘጋብኝ ሳይል።

መጀመሪያ እንዴት ሯጭ እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አትሌት አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። የዛሬ ስድስት ዓመት ራሴን እያመመኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያው ለካኝና «ወንድሜ፣ በዚህ ዕድሜህ ደም ግፊት ጀምሮሃል» አለኝ። ጨው ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ፣ ከዚያ መድኃኒቱን እናያለን አለኝ። ጂም ልግባ ብዬ ዋጋ ጠየቅኩ። የመምህር ደሞዝ የምታውቁት ነው፤ የጂሙን ወርሃዊ ክፍያ ስሰማ ግፊቴ እዚያው ጨመረ። ያው የቀረኝ እግሬ ነበር። እግሬም ከአስፋልት ይልቅ ወደ ገጠር መራኝ።

ሐዋሳን ለማታውቁ ወዳጆቼ ስለ መንገዶቹ ትንሽ ልበል። ከተማችን ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት፣ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ትጠጋለች። ስለዚህ ለጀማሪ ሐዋሳ ደግ ናት፤ ትንፋሽ ቶሎ አያጥርም። ፀሐዩ ግን ምሕረት የለውም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ መሮጥ ራስን መቅጣት ነው።

እኔ የማውቃቸው መስመሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የሐይቁ ዳር ነው። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ተነስቶ ወደ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዳሩን የሚሄደው። ሜዳ ነው፣ ነፋሻ ነው፣ ወፉ ብዙ ነው። አባ ኮዳዎቹ እንደ ውድድር ዳኛ ቆመው ያዩሃል። አንድ ምክር ግን አለኝ፦ ሳይነጋ አትሂዱ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወጥቶ ሲነጋጋ ነው ወደ ውሃው የሚመለሰው። በእሱና በውሃው መሀል መገኘት ደግሞ ለማንም አይበጅም። ይሄ መስመር በየጊዜው ያጥራል። እዚህ ሎጅ፣ እዚያ ካፌ፣ እዚያ ደግሞ «መግባት ክልክል ነው»። የድሮ ልጆች ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዘን ብዙ እንሄድ ነበር ሲሉ እሰማለሁ። ዛሬ ሐይቁን ለማየት ለስላሳ ማዘዝ ያለብህ ቦታ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ታቦር ነው። አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ሳንባ የሚፈትን። ጫፉ ላይ ስትደርስ ሐይቁ በአንድ በኩል፣ ከተማው በሌላ በኩል ተዘርግቶ ታያለህ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ለጉልበት ግን አይመከርም፣ በተለይ ቁልቁለቱ።

ሦስተኛው የእኔ መንገድ ነው። ስለ እሱ ነው የምጽፈው።

ከከተማው ወጣ እንዳልክ መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ዳገቱ አያስጨንቅም፣ ቁልቁለቱም ጉልበት አይሰብርም። አፈሩ የጥንት እሳተ ገሞራ የበተነው አመድና አሸዋ ያለበት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃውን ቶሎ ያሰርጋል፣ እንደ መረሬ አፈር ጫማህን አይዝም። እግርህ ሲያርፍ ቀስ ብሎ ይቀበልሃል። ግራና ቀኝ እንሰት ነው፣ በቆሎ ነው፣ ቦሎቄ ነው፣ ጫት ነው፣ በየግቢው አቮካዶ አለ። ጠዋት ከየጎጆው ጣሪያ ጭሱ ይወጣል። ከብቶቹ ከአንተ ቀድመው ወጥተዋል። ሰላም ሳትል የምታልፈው ሰው የለም፣ ሰላም ሳይልህ የሚያልፍም የለም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አዛውንት አስቆሙኝ። ደንግጠዋል። «ልጄ፣ ማነው የሚያባርርህ?» አሉኝ።

«ደም ግፊት ነው አባቴ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር «ዛሬም አልያዘህም?» ይሉኛል። ልጆቹ ደግሞ «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያሉ በባዶ እግራቸው ይከተሉኛል። መቶ ሜትር ያህል አብረውኝ ይሮጡና ቀድመውኝ፣ ዞረው ስቀውብኝ ይመለሳሉ። አንድ ቀን እያነከስኩ ስመለስ ያዩኝ እናት ደጃፋቸው ላይ ዱካ አውጥተው አስቀምጠው ውሃ አጠጡኝ። ስሜን አልጠየቁኝም። እኔ ይህን ሁሉ ያገኘሁት በነፃ ነው። ግፊቴም ወረደ። ወደ ጤና ጣቢያው ስመለስ ያ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ለካኝ፣ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት።

እንግዲህ ቅዳሜ አጥሩን አይቼ ስመለስ የተሰማኝ የራሴ ብስጭት ነበር። «መሮጫዬን ወሰዱብኝ» የሚል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ እዚያው ቢቀር ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ሌላ መንገድ ፈልጌ ዝም እል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ግን አንዲት ተማሪዬ አረፈደች። ስሟን አልጠራም። የክፍል ኃላፊዋ እኔ ነኝ። በዓመቱ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። «አርፋጅ» ብዬ ጻፍኩ። ማክሰኞም አረፈደች፣ ጻፍኩ። ረቡዕ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አመለጣት፤ አሁንም ጻፍኩና በእረፍት ሰዓት ጠርቼ ተቆጣኋት።

«ቲቸር፣ መንገዱ ተዘጋ» አለችኝ።

ቤታቸው በዚያ በኩል ነው። ያቺ እኔ የምሮጥባት መንገድ ለእሷ የትምህርት ቤት መንገድ ናት። በእግር እየሮጠች፣ እየተራመደች፣ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይፈጅባት ነበር። አሁን አስፋልቱን ይዛ ዞራ ነው የምትመጣው። አስፋልቱ የዲላ መስመር ነው፤ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ጠዋት ላይ እንዴት እንደሚበር ታውቁታላችሁ። እናቷ «ሳይነጋ አስፋልት ላይ አትወጪም» ብለዋታል። ትክክል ናቸው፤ የእኔ ልጅ ብትሆን እኔም እንዲሁ ነበር የምለው። ለባጃጅ በየቀኑ የሚከፈል ብር ደግሞ ከዚያ ቤት አይወጣም።

አስቡት እንግዲህ። አጥሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጥበቃው «ስንቱን መለስኩ» ሲሉኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለቱ እናቶች ሸክማቸውን ይዘው ሲመለሱ ቆሜ አይቻለሁ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ «አርፋጅ» እያልኩ ስጽፍ ይቺን ልጅ ከዚያ አጥር ጋር አላገናኘኋትም። ለእኔ የተዘጋው የመዝናኛ መንገድ ነበር። መንገዱ የመጀመሪያ ሥራው ሌላ መሆኑን፣ እኔ እዚያ ላይ እንግዳ መሆኔን ያስተማረችኝ የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ሦስቱን «አርፋጅ» ሰርዣለሁ። መንገዱን ግን በእስክሪብቶ መክፈት አልችልም።

በነገራችን ላይ ይቺ ልጅ በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን በ1,500 ሜትር ሁሉንም የቀደመች ናት። ልምምድ የምትሠራበት ሜዳ የላትም። ልምምዷ ያቺ መንገድ ነበረች፤ ደብተሯን ይዛ በቀን ሁለት ጊዜ።

ይሄ ታሪክ አዲስ አይደለም፣ ታውቁታላችሁ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ አሰላ አካባቢ ከቤቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል። ሲሮጥ ግራ እጁን ጠጋ አድርጎ የሚያጥፈው ያኔ ደብተር ይዞ ስለሚሮጥ ነው ይባላል። ያ ልጅ በአትላንታና በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፎ፣ በማግስቱ አዲስ ዓመት ሆነ። በቆጂን ተመልከቱ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ሁሉም ከአንድ ትንሽ ከተማ አካባቢ ናቸው። መጀመሪያ ያሠለጠኗቸው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። በቆጂ ያኔ ዘመናዊ ትራክ አልነበራትም። ጫካ ነበራት፣ ዳገት ነበራት፣ ማንም ያላጠረው መንገድ ነበራት።

ስለ አትሌቶቻችን ስናወራ ደም ነው፣ አየሩ ነው፣ ጤፉ ነው እንላለን። ይሁን። ግን አንድ ነገር እንረሳለን። እነዚያ ልጆች ሲሮጡ «ወዴት ነህ?» ብሎ የሚመልሳቸው ቆርቆሮ አልነበረም። አገራችን ለሯጭ የሰጠችው ትልቁ ነገር ይኸው ይመስለኛል። ማንም ያልሠራው፣ ማንም ያልዘጋው መንገድ። ማንም ስላልሠራው ደግሞ ሲዘጋ ማንም የጠፋ ነገር እንዳለ አይቆጥረውም። አስፋልት ቢቆረጥ ዜና ይሆናል። የእግር መንገድ ሲቆረጥ ካርታ ላይም የለም፣ በጀትም የለውም፣ ሪፖርትም አይጻፍለትም።

ሐሙስ ዕለት ይህን በመምህራን ማረፊያ ሳነሳ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ፣ ስንት ችግር ባለበት አገር ስለ ሩጫ መንገድ ታወራለህ?» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ከተማ ማደግ የለበትም? ወጣቱ ሥራ አያስፈልገውም?» አለ። ሁለቱም ጥያቄዎች ልክ ናቸው፣ ልመልስ።

ከተማ ያድግ፤ ማደግም አለበት። ሐዋሳ ራሷ ወጣት ከተማ ናት፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች። ሐምሌ 2008 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደስ ካላቸው አንዱ እኔ ነኝ፤ ያስተማርኳቸው ልጆች እዚያ ተቀጥረዋል። ሠራተኛ ሲመጣ ቤት ይፈልጋል፣ ቤት ሲፈለግ መሬት ይፈለጋል፣ የትናንቱ የበቆሎ ማሳ የዛሬ ኪራይ ቤት ይሆናል። ይህን የሚያቆም የለም። እኔ የምለው ከተማ አይደግ አይደለም። ሲያድግ መንገዱን ውጦ አይደግ ነው። አንድ ሄክታር ቦታ ስታጥር ከዳሩ ሁለት ሦስት ሜትር ለእግረኛ ብትተው ሎጁ ይከስራል? ፋብሪካው ይዘጋል? ቤቱ ይፈርሳል?

ደግሞም «በኮሪደር ልማቱ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ እየተሠራ አይደል? እዚያ ሩጥ» የሚለኝ አለ። ጥሩ ነገር ነው፣ እደግፋለሁ። ማታ ከቤተሰቤ ጋር በእግር እንሄድበታለን። ኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» ሲጀመርም ልጅ አዋቂው አስፋልት ላይ ወጥቶ ሲሮጥ አይተን ተደስተናል። ነገር ግን ንጣፍ ድንጋይ ላይ በየቀኑ መሮጥ ለጉልበት ምን እንደሆነ የሮጠ ያውቃል። ከዚያ በላይ ግን ያ መንገድ ያለው መሀል ከተማ ነው። ኮባ የተሸከሙት እናቶችና ያቺ ተማሪዬ ያሉት ዳር ላይ ነው። መሀሉን እያስዋብን ዳሩን ከዘጋነው ሰዎቹ ወደ መሀሉ በየት በኩል ይድረሱ?

«ስንት ችግር ባለበት አገር» ላለኝ ደግሞ፦ ይሄ እኮ ብር የማይጠይቅ ችግር ነው። ሆስፒታል ለመሥራት ብር ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት ለመሥራት ብር ያስፈልጋል። ያለን መንገድ አለመዝጋት ግን ምን ያህል ያስወጣል? ዛሬ አንድ መስመር ካርታ ላይ ማስመር ነው። ነገ ቤት ከተሠራበት በኋላ ግን ካሣ ነው፣ ክርክር ነው፣ ፍርድ ቤት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ነው የምለው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደሚይዘው ላንሳ። በእንግሊዝ አገር ሕዝብ ያለ ከልካይ 20 ዓመት ሙሉ የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ መንገድ ሆኗል ተብሎ ይገመታል፤ ባለመሬቱ እንደዚያ እንዲሆን አለመፈለጉን ካላስረዳ በቀር። በ1980 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በወጣው የመንገድ ሕጋቸው ያለ ነገር ነው። ገበሬው እርሻውን ያርሳል፣ ከብቱን ያግዳል፣ አጥሩንም ያጥራል። መንገዷ ስታቋርጥ ግን ትንሽ በር ወይም መወጣጫ ደረጃ ይኖራል። ሰውየው የካፒታሊስት አገር ባለሀብት ነው፣ ግን እግረኛውን ያሳልፋል። እኛ ዘንድ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የጋራ ሀብት ነው ይላል። መሬቱ የግል በሆነበት አገር እግረኛ የሚያልፍ ከሆነ፣ የጋራ ነው በተባለበት አገር እንዴት አያልፍም?

ሩቅም መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ አለ። በየዓመቱ ፍቼ ጫምባላላ የሚከበርበት ቦታ ነው። በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ሁላችንም ኮርተናል። ጉዱማሌ የማንም የግል አይደለም፤ የሁሉም ስለሆነ ነው ሽማግሌው የሚመርቅበት፣ ወጣቱ የሚጨፍርበት። የሲዳማ አባቶች ለሕዝብ የጋራ ቦታ መተውን ከማንም አልተማሩትም፣ የራሳቸው ነው። በጫምባላላ ቀን ዛፍ አይቆረጥም፣ ከብት አይታረድም። ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን ከራስ ፍላጎት በላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ለሰው ማለፊያ መተው ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወቅሼ ብቻ መሄድ አልፈልግም።

1ኛ. ማንኛውም ቦታ ለግንባታ ከመሰጠቱ በፊት በላዩ ላይ የሚያልፍ የእግር መንገድ መኖር አለመኖሩ ይጠየቅ። የሚጠየቀውም ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ የአካባቢው ሰው ነው። «እናንተ በየት በኩል ነው ገበያ የምትሄዱት? ልጆቹ በየት በኩል ነው የሚማሩት?» ማለት ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው።

2ኛ. መንገድ ካለ ካርታው ላይ ይሰመር። መዝጋት የግድ ከሆነም አማራጩ መጀመሪያ ይከፈት፣ ከዚያ ይታጠር። አሁን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ከዚያ «ዙሩ»።

3ኛ. የሐይቁ ዳር። ሐይቁ የሐዋሳ ሕዝብ ሁሉ ነው። ለስላሳ መግዛት የማይችልም ሰው ዳሩን ይዞ የሚሄድበት ቀጣይ መንገድ ይኑር። ሎጆቹ ሥራ ፈጥረዋል፣ አልክድም። ግን ከሎጁ አጥርና ከውሃው መሀል ሰው ይለፍ።

4ኛ. እኛ ራሳችን። አሁን ስልክ የሌለው ሰው የለም። የምንሄድባቸውን መንገዶች በስልካችን እየመዘገብን እናሳይ። ያልተመዘገበ መንገድ ሲዘጋ «መንገድ አልነበረም» ይባላል። የጂኦግራፊ ተማሪዎቼን ይህን በተግባር ሥራ መልክ ልሰጣቸው አስቤያለሁ፤ እያንዳንዱ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት የሚመጣበትን መንገድ ሥሎ ያምጣ። ሃምሳ ልጅ ሃምሳ መስመር ካመጣ ጥሩ ካርታ ይወጣዋል።

5ኛ. ይሄ ደግሞ ለእኛ ለሯጮቹ ነው። በሰው ደጅ ነው የምናልፈው። ማሳ አንርገጥ፤ በተለይ ቦሎቄና በቆሎ ሲበቅል ዳር ዳሩን እንያዝ። የውሃ ፕላስቲክ አንጣል፣ ላም ትውጠዋለች። ከብት ሲያልፍ ቆመን እናሳልፍ፣ ቅድሚያ የእነሱ ነው። ሙዚቃውን ከጆሯችን አውጥተን ሰላም እንበል። ልጆቹን ሳናስፈቅድ ፎቶ አናንሳ። በቡድን የምትሮጡ ደግሞ ሴት ልጆችን አብራችሁ ይዛችሁ ውጡ። ብቻዋን የምትሮጥ ሴት ምን ምን እየተባለች እንደምታልፍ እኛ ወንዶች አንሰማውም፤ እነሱ ግን በዚያ ምክንያት ይተዉታል። መንገዱ ክፍት ሆኖም ለእነሱ የተዘጋ ነው።

በመጨረሻ፣ ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ወደዚያ አጥር ሄድኩ። ያው ሽማግሌ ጥበቃ ነበሩ። ስለ ተማሪዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «የኔም የልጅ ልጅ በዚህ ነበር የምትማረው» አሉኝ። ለባለቤቱ በአፍ ቢነገረው ምናልባት ከአጥሩ ጥግ ትንሽ ቦታ ይለቅ ይሆናል፣ ክፉ ሰው አይደለም አሉኝ። እሳቸው ብቻቸውን ሊነግሩት ፈርተዋል፤ እንጀራቸው ነው። «ብዙ ሆናችሁ ብትመጡ ግን ይሰማል» አሉኝ። እኔም እሱን ነው ያሰብኩት። ክርክር አይደለም፣ ሰልፍም አይደለም። የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ሁለት ሦስት ወላጆች፣ ሁለት ሦስት መምህራን ሆነን ሰውየውን ቁጭ ብለን እናነጋግራለን። ካልሆነ ቀበሌ በጽሑፍ እንጠይቃለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ?

እስከዚያው ነገ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አስፋልቱ አልቆ አፈሩ የሚጀምርበት ጋ እቆማለሁ፣ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ። ሩጫ የማትችሉ በእግር ኑ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፣ የቀሩትን መንገዶች እየዞርን እንመዘግባለን። መምጣት የማትችሉ ደግሞ እዚህ ሥር የእናንተን መንገድ ጻፉልኝ፤ የት ተነስቶ የት ይደርስ እንደነበር፣ አሁን የት ጋ እንደተዘጋ። የይርጋለምም፣ የሻሸመኔም፣ የባሕር ዳርም ሰው ይጻፍ፤ ነገሩ የሐዋሳ ብቻ እንዳልሆነ እገምታለሁ።

ውሻውን ለምትፈሩ፦ እዚያ ቤት ጋ ስንደርስ እኔ ከፊት እሆናለሁ። ያውቀኛል።

መልካም እሑድ።